የድሮ ቴፕ ዲናሞ ደክሟል፤ በምን ልቀይረው?

ባለቴፑ (ቢቸና)፦
ጤና ይስጥልኝ። የጃፓን ሥራ የሆነ የድሮ ቴፕ አለኝ፤ ስድስት ትልልቅ ድንጋይ የሚጎርስ። ራዲዮው እስካሁን ጥርት ብሎ ይሠራል። ችግሩ ካሴት ሲገባበት ነው። ደህና ይጀምርና እየተጎተተ ይሄዳል፤ አንዳንዴ ጭራሽ አይነሳም። ከፍቼ ዲናሞውን በጣቴ ገፋ ሳደርገው ይነሳል። ሲዞር ደግሞ ስፒከሩ ውስጥ ይንጫጫል። ድንጋዩ አዲስ ነው።

እዚህ ያሉት ሠሪዎች "ሞባይል ካልሆነ አንነካም" አሉኝ። እኔ ደግሞ ልተወው አልችልም፤ አያቴ ዲማ ላይ ቅኔ ሲዘርፉ የተቀዱ ካሴቶች አሉኝ። ዲናሞው ከየት ይገኛል? ስገዛስ ምኑን ልይ?

ጮቄ (ደጀን)፦
ቆይ እስኪ፣ ገንዘብ ከማውጣትህ በፊት ቺንጋዋን እይ። ከዲናሞው ተነስታ ፍላይዊል የሚባለውን ከባድ ክብ ብረት የምታዞረውን ቀጭን ላስቲክ ማለቴ ነው። ካረጀች ትላላለች፣ ትንሸራተታለች፣ ድምፁም ይጎተታል። ስንቱ "ዲናሞው ሞቷል" የተባለ ቴፕ በቺንጋ ብቻ ድኗል! ብር የሚታሰርበትን ላስቲክ ግን እንዳታስገባ። ውፍረቱ ወጥ ስላልሆነ ድምፁን ያንቀጠቅጠዋል።

የራዲዮ ቤቱ (ደብረ ማርቆስ)፦
የጮቄ ምክር ጥሩ ነው። ይህ ልጅ የነገረን ምልክት ግን የቺንጋ አይመስልም። ቺንጋ ብትላላ ዲናሞው ራሱ መዞሩን አያቆምም። በጣት ተገፍቶ የሚነሳ ከሆነ፣ ውስጡ ኤሌክትሪክ የሚያቀብለው ብሩሽና ብሩሹ የሚነካው መዳብ ተበልቷል። የተበላው ቦታ ላይ ሲቆም ኤሌክትሪክ አያገኝም። ገፋ ስታደርገው ደህናው ቦታ ላይ ይደርስና ይነሳል። መንጫጫቱም የዚያው ብልጭታ ነው።

ለማረጋገጥ ቺንጋዋን አውልቅና ዲናሞውን ብቻውን አስዙረው። ብቻውንም ከተንገዳገደ ነገሩ አለቀ። ብቻውን ደህና ከዞረ ግን ፍላይዊሉን በእጅህ አዙር። ከከበደህ ቅባቱ ደርቋል፤ ዲናሞ መግዛት አያስፈልግህም።

ለመሆኑ ስንት ሽቦ ነው የሚወጣው? ጀርባው ላይስ ቀዳዳ አለ?

ባለቴፑ፦
ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አውልቄ አየሁት፤ ብቻውንም ይንገዳገዳል። ሽቦው ሁለት ነው፣ ቀይና ጥቁር። ከጀርባው በላስቲክ የተደፈነች ትንሽ ቀዳዳ አለች። ቆርቆሮው ላይ የነበረው ጽሑፍ ግን ጠፍቷል።

የዳንግላው፦
የመኪና ቴፕ ፈልግ ወንድሜ። በየጋራዡ ተጥሎ የለም እንዴ! ዲናሞው ያው ነው፤ ገጥመህ ማዳመጥ ነው።

የራዲዮ ቤቱ፦
ያውስ አይደለም የዳንግላው። የመኪናው የተሠራው ለ12 ቮልት ነው። ስድስት ድንጋይ የሚሰጠው 9 ቮልት ነው። ቮልቱ ሲያንሰው ፍጥነቱን መጠበቅ ያቅተዋል፤ ድንጋዩ ትንሽ ሲደክምማ ይብስበታል። አዲስ ቀይሮ ያው መጎተት ምን ይሠራል?

ባለቴፑ፣ ሁለት ሽቦና የተደፈነች ቀዳዳ ካለው ሥራህ ቀላል ነው። ፍጥነት መጠበቂያው ሰሌዳ እዚያው ዲናሞው ውስጥ ነው ማለት ነው። ሰሌዳው ውጪ የሆነባቸው፣ ብዙ ሽቦ ያላቸው አሉ፤ እነሱ ራስ ምታት ናቸው።

ቮልቱን በግምት አትውሰድ። ቴፑ ባለ 9 ቮልት ሆኖ ዲናሞው የ6 ቮልት የሚሆንበት አለ። ማጫወቻውን ተጭነህ፣ ቴስተሩን ቀዩና ጥቁሩ ላይ አስነክተህ ለካ። ቀጥሎ አቅጣጫው ነው። ዘንጉን ወደ ራስህ አዙረህ ወደ ቀኝ ይሁን ወደ ግራ እንደሚዞር እይና ጻፈው። አቅጣጫው ካልገጠመልህ ሽቦውን ገልብጬ አዞረዋለሁ ብለህ እንዳትሞክር። ሰሌዳ ያለው ዲናሞ ሽቦው ሲገለበጥ በልኩ አይሠራም፤ ሰሌዳውም ሊቃጠል ይችላል። ፍጥነቱ ብዙውን ጊዜ በደቂቃ 2400 ዙር ነው፤ ባለ ሁለት ፍጥነት የሆነውን ተወው።

ባሕር ዳር ገበያ ጠይቅ። ካጣህ አዲስ አበባ ምናለሽ ተራ ከተጣሉ ቴፖች የተፈታ አይጠፋም። ሻጩ ፊት ድንጋይ አስነክተህ አስዙረው። ዘንጉን በጣትህ ወደ ጎን ነካ አድርገው፤ ከተወዛወዘ መልስለት።

የአሮጌውን ፑሌጃ፣ ማለትም ዘንጉ ጫፍ ላይ ያለችውን ቺንጋዋ የምትጠመጠምባትን ትንሽ ክብ፣ አደራ አትጣል። የቴፑን ፍጥነት የሚወስነው የዲናሞው ዙር ብቻ አይደለም፤ የፑሌጃዋም ውፍረት ነው። ከአዲሱ ጋር ሌላ ከመጣች አውልቀህ የራስህን ግጠም። ከመንቀልህ በፊት ከዲናሞው ፊት ምን ያህል ከፍ ብላ እንደተቀመጠች በማስመሪያ ለካ። አለዚያ ቺንጋዋ ሰያፍ ትሄድና ትወልቃለች። በመዶሻ እንዳትመታት፤ ዘንጉ ይጣመማል። በሁለት ጠፍጣፋ ካቻቢቴ ከግራና ከቀኝ ቀስ አድርገህ ፈንቅላት። ናስ ከሆነች የብየዳ ካውያ ለአፍታ አስነካት፤ ትለቃለች።

ብሎኖቹም የራሱ የቴፑ ይሁኑ። ረዥም ብሎን ውስጥ ገብቶ ዲናሞውን ይነካዋል። ሥራቸው ያሉት ትንንሽ ላስቲኮች ንዝረት እንዳያልፍ ናቸው፤ እስኪጨፈለቁ አታጥብቅ። ዲናሞውን የከበበ ቆርቆሮ ካለም ወደ አዲሱ አዛውረው፤ ጉርምርምታ የሚከለክለው እሱ ነው።

አባይ ማዶ (ባሕር ዳር)፦
ከተገጠመ በኋላ ፍጥነቱ ልክ መሆኑ በምን ይታወቃል? የጀርባዋ ቀዳዳ ማስተካከያ መሆኗን አውቃለሁ። ግን በጆሮ ብቻ ያስቸግራል።

የራዲዮ ቤቱ፦
ጥሩ ጥያቄ። የካሴት ክር በሴኮንድ 4.76 ሳንቲሜትር መሄድ አለበት። ከማይፈለግ ካሴት ላይ ክሩን አውጣና 4 ሜትር ከ76 ሳንቲሜትር ለካ። ጫፍና ጫፉ ላይ ነጭ ምልክት አድርግና በቢክ መልሰህ ጠቅልለው። ክዳኑን ከፍተህ እያየህ አጫውተው። ከምልክት እስከ ምልክት 100 ሴኮንድ ከፈጀ ልክ ነው። 94 ላይ ከደረሰ ፈጥኗል፤ ድምፁም በሙዚቃ ልክ በግማሽ ቶን ያህል ቀጥኗል።

ደህና ቴፕ ያለው ወዳጅ ካለህ ደግሞ 3000 ኸርዝ ድምፅ ካሴት ላይ ይቅዳልህ። በራስህ ቴፕ ስታጫውተው ስልክህ ላይ ድግግሞሽ በሚለካ አፕ ተመልከት። ይህኛው ይቀላል።

ማስተካከያውን በብረት ካቻቢቴ አትነካካ፤ ከቆርቆሮው ጋር ሊያገናኝብህ ይችላል። የእንጅባራ ቀርከሃ ምን ሠራ? ስንጥር ቅረጽና በእሱ አዙር፣ በጣም በትንሹ።

ባለቴፑ፦
ባሕር ዳር የ9 ቮልት ተገኘ፤ አቅጣጫውም ገጠመ። ገጥሜ፣ በክሩ ለክቼ 100 ሴኮንድ ላይ አቆምኩት። መንጫጫቱ ጠፋ፣ መጎተቱም ጠፋ። የአያቴ ድምፅ ግን ቀጠነብኝ። እናቴም "የሳቸው ድምፅ ወፍራም ነበር" ትላለች። ልኬቱ ተሳስቶ ይሆን?

የራዲዮ ቤቱ፦
ልኬቱስ አልተሳሳተም። ያ ካሴት የተቀዳው በየትኛው ቴፕ ነው? የቀዳው ቴፕ ያኔ ድንጋዩ ደክሞ ቀስ ብሎ እየዞረ ከነበረ፣ ዛሬ በትክክለኛው ፍጥነት ስታጫውተው ድምፁ ይፈጥናል፤ ይቀጥናል። ጥፋቱ የዲናሞህ አይደለም።

በመብራት እየሠራ የቀዳ ከሆነ ካሴቱ ሥር ትንሽ ጉርምርምታ ይኖራል። የሀገራችን መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ጉርምርምታው 53 ካሳየህ ካሴቱ በ6 በመቶ ያህል ፈጥኗል ማለት ነው።

ባለቴፑ፦
በድንጋይ ነው የተቀዳው ጋሼ። ያኔ መንደሩ መብራት አልነበረውም።

የራዲዮ ቤቱ፦
እንግዲያውስ ዳኛዋ እናትህ ናት። አጠገብህ አስቀምጣትና ቀርከሃህን ይዘህ "ይኸው እሳቸው ናቸው" እስክትል ቀስ እያልክ ዝቅ አድርገው። በዚያ ፍጥነት ወደ ስልክ ወይም ወደ ኮምፒውተር ቅዳና ዲናሞውን ወደ 100 ሴኮንዱ መልሰው። ሌላው ካሴትህ በልኩ ይሂድ።

ከመቅዳትህ በፊት ድምፁን ከክሩ ላይ የሚያነበውን ሄድና ክሩን የምትጫነውን ጥቁር ጎማ በፋርማሲ አልኮል ጥረግ። አረቄ አይሆንም፤ ውኃው ይበዛል። ጎማዋ ደርቃ ከተሰነጠቀች ክር ትበላለችና የአያትህን ካሴት እንዳታስገባ፤ መጀመሪያ በተራ ካሴት ሞክር።

የዳንግላው፦
ባለቴፑ፣ የሞተውን ዲናሞ የማትፈልገው ከሆነ ላስቲኮቹን ለኔ። የኔ ቴፕ ላይ ሁለቱ ጠፍተዋል።

ባለቴፑ፦
ላስቲኮቹንማ አዲሱ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ባሕር ዳር ዲናሞውን የሸጠልኝ ልጅ ግን ከነብሎኑ ብዙ አለው። የሱቁን አድራሻ በውስጥ መስመር ልኬልሃለሁ።