የኦቾሎኒ ቅቤ ኩኪስ ክሬሙ እየሾለከ አስቸገረኝ

ሁለቱ ተጣብቀው መሃላቸው ክሬም ያለባቸውን የኦቾሎኒ ቅቤ ኩኪሶች ቤት ውስጥ እየሠራሁ ነው። ኩኪሱ ራሱ ምንም አይወጣለትም። በ175 ዲግሪ ሴንቲግሬድ 11 ደቂቃ ያህል ይጋገራል፣ ክሬሙን የምቀባው ደግሞ በደንብ ከቀዘቀዘ በኋላ ነው።

ችግሩ ክሬሙ ላይ ነው። 120 ግራም የኦቾሎኒ ቅቤ፣ 60 ግራም የገበታ ቅቤ፣ 100 ግራም እንደ ዱቄት የላመ ስኳርና ቆንጠር ያለ ጨው አብሬ እመታለሁ። የኦቾሎኒ ቅቤው ኦቾሎኒ ብቻ ያለበት፣ ሲቀመጥ ዘይቱ ከላይ የሚንሳፈፈው ዓይነት ነው። እንደተመታ ያምራል። ኩኪሶቹን ገጥሜ ትንሽ ሲቆይ ግን ዘይት ያወጣል። ሲገመጥማ በጎን ሾልኮ እጅ ላይ ይቀራል።

ስኳር ስጨምር ጠነከረ፤ ግን ጣፋጭነቱ የኦቾሎኒውን ጣዕም ዋጠው። ፍሪጅ ውስጥ ይረጋል፣ ሲወጣ ተመልሶ ይላላል። ዘይቱ እንዳይለያይ ተደርጎ የሚመረተው የኦቾሎኒ ቅቤ እንደሚሻል አውቃለሁ፤ ጣዕሙ ግን አይመቸኝም (ደግሞ የያዝኩት ማሰሮ ገና ሙሉ ነው)።

ታዲያ ስኳር ሳልጨምርና የኦቾሎኒ ቅቤውን ሳልቀይር፣ ክሬሙ ከፍሪጅ ውጭም ረግቶ እንዲቆይ ምን ልጨምርበት?