አስቸኳይ፦ የአሮጌው አርኬድ ማሽን ምስል ወደ አንድ ደማቅ መስመር ተሰበሰበ

ጥያቄ፦ ካቢኔ አዳሽ
ጤና ይስጥልኝ። ብዙ ዘመን ሳይነካ የቆየ፣ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ የአርኬድ ጌም ማሽን ቤቴ ውስጥ እያደስኩ ነው። ዛሬ ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው አዛውሬ ሳበራው ለጥቂት ጊዜ በደንብ ከሠራ በኋላ፣ ምስሉ በድንገት ከላይም ከታችም ተጨፍልቆ በስክሪኑ መሀል አንድ ደማቅ አግድም መስመር ብቻ ቀረ። ድምፁ አልጠፋም፤ ሳንቲም ሳስገባ ይቀበላል፣ የመጀመሪያ ቁልፉን ስጫንም ሙዚቃው ይነሳል። የጌም ቦርዱ የተቃጠለ ስለመሰለኝ ሌላ ልገዛ ነው፤ ከዚያ በፊት የምታውቁ ካላችሁ ፈጥናችሁ ምከሩኝ። ማሽኑ አሁንም በርቶ ከፊቴ ቆሟል።

መልስ፦ ጥንቃቄ ይቅደም
ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ማሽኑን ያጥፉና ከሶኬቱ ይንቀሉት። መላው ስክሪን ላይ ሊበተን የሚገባው ኤሌክትሮን በሙሉ በዚያች ቀጭን መስመር ላይ ስለሚያርፍ፣ በርቶ በቆየ ቁጥር ፎስፈሩን፣ ማለትም ስክሪኑን ከውስጥ የሚያበራውን ቅብ፣ አቃጥሎ የማይለቅ ጠባሳ ይተዋል። ለሙከራ መልሰው ማብራት ካለብዎት ብሩህነቱን ዝቅ አድርገው ለጥቂት ሰከንድ ብቻ ይሁን።

የኋላ በሩን ከፍተው እጅዎን ከማስገባትዎ በፊት ደግሞ ይህን ይወቁ። ባለቀለም የአርኬድ ሞኒተር ቲዩብ፣ ማለትም ምስሉ የሚታይበት ትልቁ መስታወት፣ ከ20,000 ቮልት በላይ የሚይዝ ሲሆን፣ ኃይሉ ማሽኑ ከተነቀለ በኋላም በውስጡ ሊቆይ ይችላል። መያዣው በደንብ የተሸፈነ ረጅም ጠፍጣፋ ካቻቪቴ ወስደው በብረቱ ላይ ሽቦ ይሰሩለት፤ የሽቦውን ሌላኛ ጫፍ በቲዩቡ ጀርባ ላይ ከተዘረጋው እርቃኑን ካለው የሽቦ ጥልፍ ጋር እንጂ ከሰርኪት ቦርዱ ጋር አያገናኙት፤ ቦርዱ ላይ ያሉትን ክፍሎች ሊያቃጥል ይችላልና። ከዚያም አንድ እጅዎን ከጀርባዎ አድርገው፣ የካቻቪቴውን ጫፍ ቲዩቡ ላይ ከተለጠፈው የጎማ ቆብ ሥር አስገብተው ውስጡ ካለው የብረት ማያያዣ ጋር ያስነኩት። ቲዩቡ ከተራገፈ በኋላም ጥቂት ቻርጅ መልሶ ስለሚያጠራቅም፣ ትንሽ ቆይተው ይድገሙት። ቀጭኑን የቲዩብ አንገት በምንም ነገር እንዳይገጩት ይጠንቀቁ፤ ከተሰበረ አየር ይገባበትና ቲዩቡ ያከትምለታል።

መልስ፦ የካፓሲተር ወዳጅ
የሞኒተሩን ኤሌክትሮላይቲክ ካፓሲተሮች (ቻርጅ የሚያጠራቅሙትን ክፍሎች) በሙሉ ይቀይሯቸው። በዚህ ዕድሜ ውስጣቸው ያለው ፈሳሽ ደርቋል፤ ሌላ ምርመራ ጊዜ ማባከን ነው።

መልስ፦ ለምን ብሎ ጠያቂ
ቦርዱ ተቃጥሏል በሚለው መነሻዎ አልስማማም፤ ድምፅ እያለው ለምን ከነሕይወቱ ይቀብሩታል? ጨዋታው ሳንቲም ተቀብሎ ሙዚቃ ካሰማ ቦርዱ እየሠራ ነው። መስመሩ ደማቅ ሆኖ መታየቱም ራሱን የቻለ ማስረጃ ነው፤ ለቲዩቡ ከፍተኛውን ቮልቴጅ የሚሰጠው ፍላይባክ የሚነዳው ምስሉን ወደ ጎን በሚዘረጋው ሰርኪት ስለሆነ፣ ያም ሆነ ፍላይባኩ ደህና ናቸው ማለት ነው። የጠፋው ምስሉን ወደ ላይና ወደ ታች የሚስበው ሰርኪት ብቻ ነው። ቦርዱ የቁመት ማመሳሰያውን ሲግናል ቢያቋርጥ ኖሮ፣ በአብዛኞቹ ሞኒተሮች ላይ ምስሉ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ይንከባለላል እንጂ እንዲህ አይጨፈለቅም።

እርግጠኛ ለመሆን ከፈለጉ ቦርዱን የሚመግበውን የ5 ቮልት ኃይል ከፓወር ሰፕላዩ ጋር ሳይሆን ራሱ ቦርዱ ላይ ይለኩት፤ ከ4.75 እስከ 5.25 ባለው ውስጥ መገኘት አለበት። ሌላ ቦርድ ገዝቶ መሰካትም እንደሚያስቡት ቀላል አይደለም። ጃማ የሚባለው ባለ56 ፒን የጋራ አሠራር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ስለሆነ፣ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ አምራች ገመዱን በራሱ መንገድ ነበር የሚዘረጋው። የማይገጥም ቦርድ ቢሰኩ 5 ቮልት በሚፈልገው ፒን ላይ 12 ቮልት ሊገባና አዲሱን ቦርድ በደቂቃ ሊያጠፋው ይችላል።

የሞኒተሩን ሞዴል አልነገሩንም። ሞኒተሩን ከግድግዳው ኃይል የሚለየው የመነጠያ ትራንስፎርመር በቦታው አለ ወይስ ከዚህ በፊት የነካው ሰው አውጥቶታል? እሱ ከሌለ የሞኒተሩ ቻሲስ (ሰርኪት ቦርዱ ከነመያዣው) በቀጥታ ከግድግዳው ሶኬት ኃይል ጋር የተያያዘ ሊሆን ስለሚችል፣ ይህን ሳያረጋግጡ ባይነኩት እመርጣለሁ።

ጠያቂው፦ ካቢኔ አዳሽ
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ አጥፍቼዋለሁ። የሞኒተሩ መለያ ወረቀት ተልጦ ወድቋል። ትራንስፎርመሩ በካቢኔው ወለል ላይ እንደታሰረ ነው። ከማጥፋቴ በፊት ቦርዱ ላይ ስለካ 5.02 ቮልት አገኘሁ። አንድ ያልጻፍኩት ነገር አለ፦ መስመሩ እንደመጣ የካቢኔውን ጎን በመዳፌ መታ ሳደርገው ምስሉ ለቅጽበት ሙሉ ሆኖ ተከፈተና ተመልሶ ተጨፈለቀ።

መልስ፦ አዲስ ስክሪን
ከዚህ ሁሉ አደጋ ጠፍጣፋ ስክሪን ገጥመው ይገላገሉ።

መልስ፦ የድሮ ቴክኒሻን
ጠፍጣፋው ስክሪንም የራሱ ጣጣ አለው። የማሽኑ አግድም ፍጥነት፣ ማለትም በሰከንድ የሚሥላቸው መስመሮች ብዛት፣ 15.7 ኪሎኸርዝ ገደማ ስለሆነ አብዛኞቹ የኮምፒውተር ስክሪኖች ያለ መቀየሪያ አያነቡትም፤ ከዚያም በላይ ጤነኛ ቲዩብ ያለውን ማሽን ማጉደል ያሳዝነኛል።

ካቢኔ አዳሽ፣ መታ ሲያደርጉት ተከፈተ ማለትዎ ነገሩን በጣም ያጠበዋል። ደርቆ ያለቀ ካፓሲተር በጥፊ አይድንም፤ በጥፊ የሚመለሰው የላላ ግንኙነት ነው። በቲዩቡ አንገት ላይ ከተጠለቀው ዮክ (ምስሉን ከሚዘረጋው የሽቦ ጥቅል) የሚመጡት ሽቦዎች ቻሲሱ ላይ የሚሰኩበትን ማያያዣ ይፈልጉ። ቲዩቡን እንደተነገረዎት አራግፈው ቻሲሱን ያውጡና፣ የማያያዣውን ፒኖች ከቦርዱ ሥር በጠንካራ መብራትና በማጉያ መነጽር ይመልከቷቸው። በፒኑ ዙሪያ እንደ ፀጉር የቀጠነች ጥቁር ቀለበት ካዩ ብየዳው ተሰንጥቋል ማለት ነው። ለብዙ ዓመት ሲግልና ሲቀዘቅዝ የኖረ ብየዳ ሲዛወር በሚደርስበት ንዝረት መሰንጠቁ የተለመደ ነው። ሙቀት ማብረጃው ላይ የታሰሩትን የቁመት ትራንዚስተሮች እግርና በአካባቢያቸው ያሉትን ትልልቅ ሬዚስተሮችም አብረው ይመርምሩ።

የተሰነጠቀውን በላዩ ላይ ብቻ አያቅልጡት፤ አሮጌውን መበየጃ መጥጠው አውጥተው በአዲስ ይበይዱት። ማያያዣው ተነቅሎ እያለ የዮኩን የቁመት ጥቅል በኦም ይለኩት፤ አነስተኛ ኦም ካሳየ ጤነኛ ነው፣ መለኪያው ግንኙነት የለም ካለ ጥቅሉ ተቆርጧል። ዮኩ ሳይሰካ ግን ማሽኑን በፍጹም እንዳያበሩት።

መልስ፦ የካፓሲተር ወዳጅ
ቻሲሱ ከወጣ አይቀር ካፓሲተሮቹንም ይቀይሯቸው።

መልስ፦ የድሮ ቴክኒሻን
በዚያ አልከራከርም፤ ግን መጀመሪያ ብየዳው ተሠርቶ ምስሉ መመለሱ ይረጋገጥ። ሁለቱን አንድ ላይ ከሠሩና አንዱን ካፓሲተር በስህተት አገልብጠው ከገጠሙ፣ የቱ ችግር አሮጌ የቱ አዲስ እንደሆነ መለየት ያቅታል። ምስሉ ሲመለስ ቁመቱ አጥሮ ቢያገኙት የካፓሲተሩ ተራ ያኔ ይሆናል።

መልስ፦ ለምን ብሎ ጠያቂ
ካቢኔ አዳሽ፣ የፒኖቹን ሥር አዩት? ፎቶግራፍ ቢያሳዩን ሞዴሉን ከቻሲሱ ቅርጽ ልንለየው እንችላለን።