የተንቀሳቀሰ ጂፒኤስ ላይ ተጣብቄ ቀረሁ፣ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ናችሁ ወገኖች። የምኖረው ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ነው፣ መብራት ካለ ማታ ማታ የማስተርስ ጥናቴን እሠራለሁ። የያዝኩት በፈረንጆቹ 2016 የተደረገውን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ዳታ ነው። ጥያቄዬ ቀላል ይመስላል፦ ጤና ጣቢያ የራቃቸው እናቶች በጤና ተቋም የመውለድ ዕድላቸው ምን ያህል ይቀንሳል?

መጀመሪያ ዌቱ (ናሙናው የሕዝቡን ትክክለኛ ድርሻ እንዲያሳይ ለእያንዳንዱ መላሽ የሚሰጠው ክብደት) ጉድ ሠራኝ። ሪፖርቱ በጤና ተቋም የተወለዱት 26 በመቶ ናቸው ይላል፣ የኔ ግን ከዚያ በጣም ከፍ ብሎ ቁጭ። ለካ ቪ005ን፣ ማለትም ዌቱ የተቀመጠበትን የዳታ ዓምድ፣ ለ1,000,000 አካፍዬ መጠቀም ነበረብኝ፤ አዲስ አበባን የመሳሰሉ ትንንሽ ክልሎች ከሕዝባቸው ድርሻ በላይ ናሙና ተወስዶባቸዋል። እሱስ ተፈታ።

አሁን የቆምኩት ጂፒኤሱ ላይ ነው። የሰዎቹን ምስጢር ለመጠበቅ ሲባል የእያንዳንዱ ክላስተር (በዳሰሳው አብረው የተመረጡ የአንድ አካባቢ ቤተሰቦች) የጂፒኤስ ነጥብ ሆን ተብሎ ተንቀሳቅሷል፣ ከተማ ላይ እስከ 2 ኪሎ ሜትር፣ ገጠር እስከ 5፣ ከገጠሮቹም 1 በመቶው እስከ 10። እኛ ሰፈር እኮ 2 ኪሎ ሜትር ማለት ከኮንዶሚኒየሙ ወጥቶ የጤፍ ማሳ መሃል መገኘት ነው! ታዲያ ቅርቡ ጤና ጣቢያ የትኛው እንደሆነ በምን አውቃለሁ? አማካሪዬ «ዝም ብለህ ቀጥታውን ለካ» አለኝ፣ እኔን ግን አልዋጥልህ አለኝ።

በነጥቡ ዙሪያ ክብ ሠርቼ አማካይ ርቀት ልውሰድ፣ ወይስ ነጥቡን ደጋግሜ እያንቀሳቀስኩ ውጤቱ ስንት እንደሚዋዥቅ ልይ? በስታታ ወይም በአር የስታቲስቲክስ ሶፍትዌር የሠራችሁ ካላችሁ ኮዱን ብታሳዩኝ። የኔንም እልካለሁ፣ የተዝረከረከ ቢሆንም።