ዝናብ ካባራ በኋላ ፈረስ ለመጋለብ ስንት ሰዓት ልጠብቅ?

ጀማሪዋ ጋላቢ (ጠያቂ)
ሰላም ለሁላችሁ። ሱሉልታ አንድ ዳማ ፈረስ አለኝ። አዲስ አበባ ስለምሠራ የምጋልበው ቅዳሜና እሁድ ብቻ ነው። ከጀመርኩ ገና 8 ወሬ ነው፣ ክረምትን ኮርቻ ላይ ሆኜ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው። ያለፈው ቅዳሜ ካፊያ ነበር። ፈረሱን የሚጠብቁልኝ አባባ «ይቺማ አቧራም አታጠፋ» አሉኝ። እውነትም ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ አባራ፣ ፀሐይ ወጣች። ሜዳው ላይ ሶምሶማ አስነሳሁት። ስጠመዝዘው የኋላ እግሮቹ ተንሸራተቱ። እሱ ለጥቂት ተረፈ፣ እኔ ግን ዘጭ አልኩ። ክርኔ ተላጠ እንጂ ደህና ነኝ። ካባራ በኋላ ስንት ሰዓት ነው የሚጠበቀው?

የአዊ ልጅ
እህቴ፣ እንኳን እግዜር አተረፈሽ። ሰዓቱን ተዪው፣ መሬቱን እዪ። እዚህ እንጅባራ አካባቢ አፈሩ ቀይ ነው፣ ዳገቱም ውሃውን ያወርደዋል፤ ዶፍ ዘንቦ በማግስቱ የምንጋልብበት ቦታ አለ። የናንተ ሜዳ ግን ጥቁር መረሬ ነው (እኛ ዋልካ እንለዋለን)፣ ለጥ ያለ ስለሆነም ውሃው መሄጃ የለውም።

«ከድጡ ወደ ማጡ» ሲባል ሰምተሽ የለ? ለፈረሰኛ ሁለቱ የተለያየ አደጋ ናቸው። ድጥ ማለት ላዩ ረጥቦ ሥሩ ገና ደረቅ ሲሆን ነው። ኮቴው የሚነክሰው ነገር ያጣል። አንቺን የጣለሽ እሱ ነው፣ ትንሿ ካፊያ ከትልቁ ዝናብ የምትብስበት ጊዜ አለ። ማጥ ደግሞ ሳምንት ሙሉ ሲዘንብ ይመጣል። እግሩ ሰምጦ ሲመዘዝ ጅማት ይጎዳል። ወዲያው ላታዪው ትችያለሽ፣ በማግስቱ ሲያነክስ ነው የሚገባሽ።

ከመጫንሽ በፊት በእግርሽ ግቢ። ተረከዝሽን ጫን አድርገሽ አዙሪው። ጫማሽ ከሸሸ ድጥ ነው። ከሰመጠና ጉድጓዱ ውሃ ካቆረ ማጥ ነው። መጠነኛ ቅርጽ ትቶ ደረቅ ከሆነ ጋልቢ። አንድ ቦታ ብቻ እንዳትሞክሪ፤ በሩ ጋ፣ ከብት ውሃ የሚጠጣበት ጋ፣ የምትታጠፊበት ጋ ሞክሪ።

ሽምጥ
ኧረ ባካችሁ! አያቶቻችን በጭቃም በበረዶም ጋልበው አገር አቆዩ። ፈረስ ስኳር አይደለም፣ አይሟሟም።

የአዊ ልጅ
ወንድሜ፣ አያቶቻችንማ ክረምት ሲገባ ዘመቻ ያቆሙ ነበር። የአድዋ ክተት የታወጀው መስከረም ላይ ነው፣ ውጊያው የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም.። እኛም የፈረሰኞቹን በዓል እንጅባራ የምናከብረው ጥር 23 ነው። መሬቱን ስለሚያውቁት ነው።

የእንስሳት ሐኪም
በተባለው እስማማለሁ። ድጥም ማጥም ባይሆን፣ መሬቱ ለስለስ ካለ በእርምጃ ብቻ ሂጂ፤ ሶምሶማውን ተዪው፣ በጠባቡ አትጠምዝዢ። ከመነሳትሽ በፊትም መሃል ላይም ኮቴውን አንስተሽ ጭቃውን ጎርጉሪው፤ ኮቴው በጭቃ ከተሞላ በደህና መሬት ላይም ያንሸራትታል። ስትመለሺ ከኮቴው በላይ ያለውን የቁርጭምጭሚት ጉድጓድ አጥበሽ በደንብ አድርቂ። ርጥብ ሆኖ ካደረ ቆዳው ይቆስላል። የኮርቻ ምንጣፉም ርጥብ ከሆነ አትጫኚበት፣ ገጣባ የሚጀምረው ከዚያ ነው።

ደብረ ብርሃን
እኔ ስለ በጋ ልጨምር፣ ሰው ሁሉ ክረምትን ብቻ ይፈራል። መረሬ ሲደርቅ ይሰነጠቃል። እግር የሚያስገባ ስንጥቅ አለ፣ ሣር ከሸፈነው ደግሞ አይታይም። ህዳርና ታህሳስ ደግሞ እኛ ጋ ውርጭ አለ። ማለዳ ሣሩ እንደ መስታወት ነው፤ ፀሐይዋ እስክታሟሟው ጠብቂ።

ነጎድጓድ የሚፈራው
ስለ ሰማዩ ማንም አላነሳም። መብረቅ ሲበርቅ ቁጠሪ። ነጎድጓዱ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከተሰማሽ 10 ኪሎ ሜትር ግድም ነው ያለው፣ ግልቢያው በቃ። የመጨረሻውን ከሰማሽ በኋላ 30 ደቂቃ ሳይሞላ አትውጪ። ሜዳ ላይ ፈረስ ላይ የተቀመጠ ሰው ከሁሉ ነገር ከፍ ያለው እሱ ነው። ከያዘሽ ውረጂ፣ ከብቸኛ ዛፍና ከሽቦ አጥር ራቂ። ክረምት ላይ ነጎድጓዱ የሚበዛው ከሰዓት በኋላ ስለሆነ እኔ ከጠዋቱ 1 ሰዓት እስከ 4 ሰዓት ጋልቤ እገባለሁ። እንጦጦ የምትወጪ ከሆነ ደግሞ በነፋስ ቀን ባህር ዛፍ ውስጥ አትግቢ፣ ቅርንጫፍ ይወድቃል።

ጀማሪዋ ጋላቢ (ጠያቂ)
ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ዛሬ ጠዋት ሄጄ ነበር። ሌሊቱን ሲዘንብ ነው ያደረው። ተረከዜን አዞርኩ፣ ጉድጓዱ ወዲያው ውሃ ሞላ። አባባ ምን እያደረግሽ ነው ብለው ሳቁብኝ። ነገርኳቸው። ዝም ብለው ዱላቸውን ሜዳው ላይ ሰኩት፣ አንድ ስንዝር ገባ። «አይ፣ ዛሬስ አይሆንም» አሉ። ኮርቻውን መልሰን ሰቀልነው። ዳማውን እየሳብኩ በቀይ አሽ መንገዱ ዳር 40 ደቂቃ አንሸራሸርኩት፣ እግሩንም አድርቄለታለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅ ዶክተር፦ ኮቴው ብረት የለውም፣ ቀይ አሹ ይጎዳው ይሆን?

የእንስሳት ሐኪም
በእርምጃ ከሆነ ችግር የለውም። ስትመለሺ ግን ኮቴው መሃል የተሰነቀረ ጠጠር እንዳይኖር እዪው።