ነሐሴ ላይ ባሌ ልንሄድ ነው፤ ምን ዓይነት የዝናብ ጃኬት ልግዛ?

ጠያቂ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በነሐሴ መጀመሪያ ከሦስት ጓደኞቼ ጋር ወደ ባሌ ተራሮች እንሄዳለን። ዲንሾ እናድርና ሁለት ቀን በፈረስና በእግር እንጓዛለን። በመጨረሻ በመኪና ሳነቴ የሚባለውን ከፍተኛ ሜዳ አቋርጠን ሐረና ጫካ እንወርዳለን። ክረምት መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም፤ የሥራ ፈቃድ የተገኘው ያኔ ነው።

የቸገረኝ ጃኬት ነው። አምና ሐምሌ ወንጪ ስሄድ «ወተርፕሩፍ ነው» ተብሎ የተሸጠልኝን ለብሼ ነበር። ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ትከሻዬና ጀርባዬ በሰበሰ። አሁን የአክስቴ ልጅ በሐምሌ አጋማሽ ከቨርጂኒያ ስለምትመጣ «ላምጣልሽ ወይ?» ብላኛለች። ካልሆነም መርካቶ ሰልባጅ እፈልጋለሁ። ምን ምን ልይ? ውድ ሁሉ ጥሩ ነው?

መንገደኛ፦
እህቴ፣ መጀመሪያ ጽሑፉን ለይተሽ አንብቢ። «ወተር ሪዚስታንት» የሚለው ካፊያ ይመልሳል እንጂ የነሐሴን ዶፍ አይችልም። «ወተርፕሩፍ» የሚለውም ቁጥር ከሌለው ብዙ አትመኚው።

ቁጥሩ በሚሊሜትር ነው። ጨርቁ ላይ ውሃ እንደ ዓምድ ይቆምበትና እስኪያንጠባጥብ ድረስ ምን ያህል ከፍታ እንደቻለ ይለካል። 10,000 ከሆነ የ10 ሜትር ውሃ ችሏል ማለት ነው። ለከተማ ይበቃል። አንቺ ግን ቦርሳ ትሸከሚያለሽ፤ ማንገቻው ትከሻሽ ላይ ውሃውን ወደ ውስጥ ይገፋዋል። ወንጪ ላይ ከትከሻ የጀመረብሽም ለዚህ ይመስለኛል። 15,000 ወይም 20,000 ፈልጊ።

ሁለተኛ ቁጥር አለ፣ በግራም የሚጻፍ። በ24 ሰዓት ከአንድ ካሬ ሜትር ጨርቅ ምን ያህል የላብ እንፋሎት እንደሚወጣ ይነግርሻል። እሱም 10,000 እና ከዚያ በላይ ቢሆን ጥሩ ነው።

ባለ መርፌው፦
ልብስ ሰፊ ነኝ፣ ቁጥሩን ለሌሎች ልተወው። እኔ የማየው ስፌቱን ነው። መርፌ ያለፈበት ሁሉ ቀዳዳ ነው። ጃኬቱን ገልብጪው። በእያንዳንዱ ስፌት ላይ ከውስጥ በሙቀት የተለጠፈ ቀጭን ጥብጣብ መኖር አለበት። ርካሾቹ ትከሻና ኮፍያ ላይ ብቻ ለጥፈው ጎኑንና እጅጌውን ባዶ ይተዉታል።

ሰልባጅ ላይ ደግሞ ተጠንቀቂ። ጥሩ ስም ያለው ጃኬት በትንሽ ብር ታገኚያለሽ፣ እውነት ነው። ግን የውስጡ ሽፋን ዕድሜ አለው። ውስጡን በጣትሽ እሺው፤ እንደ ፎረፎር ከረገፈ ወይም እጅሽ ላይ ከተጣበቀ ሞቷል፣ ማንም አይጠግነውም። ሌላ ዘዴ፦ ጨርቁን አፍሽ ላይ ጥብቅ አድርገሽ እፍ በይ። ትንፋሽሽ በቀላሉ ካለፈ ውሃውም መንገድ አያጣም። ሻጩ ይስቅብሻል፣ ይሳቅ።

የጎባ ልጅ፦
እንኳን ደህና መጣችሁ ብያለሁ ከወዲሁ። በእኛ አገር ክረምት ጠዋት ብራ ሆኖ ሊያታልላችሁ ይችላል። ከሰዓት በኋላ ደመናው ሲወርድ ነው ጉዱ። ሳነቴ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ እዚያ ያለው ጫፍ ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር። ዝናቡ በረዶ ይቀላቅላል፣ ነፋሱ ደግሞ ከጎን ይመታል። ጃንጥላ አታምጡ።

ስለዚህ ጃኬቱ ከሥሩ ወፍራም ሹራብ የሚያስለብስ ሰፋ ያለ ይሁን። ኮፍያው ፊት ላይ ጠንከር ያለ ጠርዝ ይኑረው፣ ከኋላም በገመድ ይጥበቅ። ጭንቅላትሽን ስታዞሪ አብሮሽ ካልዞረ ግማሽ ዓይንሽ ተሸፍኖ ነው የምትሄጂው። ፈረስ ላይ ስትቀመጪ ደግሞ ከጃኬቱ የሚወርደው ውሃ ሁሉ ጭንሽ ላይ ያርፋል። የዝናብ ሱሪ የሌለው ሰው ፈረስ ላይ ሲያለቅስ አይቻለሁ።

ሐረና ስትወርዱ ይሞቃል፣ ግን ይዘንባል። ብብት ሥር ዚፕ ያለው ጃኬት እዚያ ነው ጥቅሙ። ዚፑን ትከፍቺና ትተነፍሻለሽ።

ቆጣቢው፦
ይቅርታ አድርጉልኝና ነገሩን አከበዳችሁት። ወፍራም የዝናብ ላስቲክ፣ ያ ከላይ የሚጠለቀው፣ ቦርሳዋንም አብሮ ይሸፍናል። ዋጋው ከጃኬት ጋር አይወዳደርም። አያቶቻችን ገሳ ለብሰው ክረምቱን ሙሉ ከብት ጠብቀዋል። የእኛ ሰው መቼ ነው ሚሊሜትር መቁጠር የጀመረው?

የጎባ ልጅ፦
ወንድሜ፣ ለወንጪ ቢሆን ዝም እልህ ነበር። ሳነቴ ላይ ግን ያ ላስቲክ ባንዲራ ነው የሚሆነው። ፈረስ ላይ ሲንኳኳ ደግሞ ፈረሱ ይደነብራል። ገሳው ከባድ ነው፣ ነፋስ አያነሳውም፤ ለዚያ ነው የሠራው።

ጠያቂ፦
ሳቅ ገደለኝ። አሁን የአምናውን ጃኬት አወጣሁት። ገልብጬ አየሁ፣ ስፌቱ ሁሉ ጥብጣብ አለው። እፍ ብዬም ሞከርኩ፣ አያስተነፍስም። ግን ውሃ ስረጭበት አይንከባለልም፣ ጨርቁ ይጠጣዋል። ቁጥሩ 5,000 ይላል። ያጠብኩት በተለመደው የልብስ ሳሙናና ማለስለሻ ነው።

መንገደኛ፦
ማለስለሻው አንዱ ጥፋተኛ ነው። የላይኛው ጨርቅ ውሃ የሚያንከባልል ቅብ አለው። ቆሻሻ፣ የሳሙና ቅሪትና ማለስለሻ ያንን ቅብ ያዳክሙታል። ላዩ ውሃ ሲጠጣ የላብሽ እንፋሎት መውጫ ያጣና ውስጡ ይረጥባል። ወንጪ ላይ ከበሰበስሽው ግማሹ የራስሽ ላብ ሊሆን ይችላል። ከሥሩ የጥጥ ቲሸርት ለብሰሽ ከነበረ ደግሞ ባሰ። ጥጥ ከረጠበ ቶሎ አይደርቅም፤ ጋቢም ያው ነው፣ ማታ ለማደሪያ እንጂ ለመንገድ አይሆንም።

ማለስለሻ በሌለው ፈሳሽ ሳሙና እጠቢው፣ ደጋግመሽ አለቅልቂው። ከደረቀ በኋላ የልብሱ ምልክት ካውያ ከፈቀደ ላዩ ላይ ጨርቅ ጣል አድርገሽ በአነስተኛ ሙቀት ተኩሺው። ሙቀቱ ቅቡን ይቀሰቅሰዋል። ካልተመለሰ በስፕሬይ የሚሸጥ አዲስ ቅብ አለ፤ የአክስትሽ ልጅ ከአሜሪካ ልታመጣው ትችላለች። ለአዲስ አበባ መንገድ ያገለግልሻል። ለሳነቴ ግን 5,000 አልመክርም።

ባለ መርፌው፦
ስለ ዋጋው ጠይቀሽ ነበር። ጎርቴክስ የሚባለው ውሃ የማያሳልፍ ሽፋን በፈረንጆች አቆጣጠር ከ1976 ጀምሮ በገበያ ያለ ጥሩ ነገር ነው፤ ግን ሌሎች ኩባንያዎችም የራሳቸው ሽፋን አላቸው፣ ይሠራል። ለስም ብቻ አትክፈዪ። ከባድ ቦርሳ የምትሸከሚ ከሆነ ባለ ሦስት ንብርብሩ (የላይ ጨርቅ፣ ሽፋንና የውስጥ ጨርቅ ያለው) ፍትጊያ ይችላል። ሁለት ተኩል የሚሉት፣ በውስጥ ጨርቅ ፋንታ ስስ ቅብ ያለው፣ ይቀላል፣ ግን ቶሎ ያልቃል፣ ሲያልብሽም ቆዳ ላይ ይጣበቃል። ለእጅጌው ልክሽን በሜትር ለክተሽ ላኪላት፤ እጅሽን ወደ ፊት ስትዘረጊ አንጓሽ እንዳይጋለጥ።

ጠያቂ፦
ላክሁላት። ባለ ሦስት ንብርብር፣ 20,000፣ የብብት ዚፕ ያለው፣ በአንድ ቁጥር ሰፋ ያለ። ያለፈው ዓመት ሞዴል ስለሆነ ቀንሰውላታል። ሱሪውን ቅዳሜ መርካቶ ወርጄ እፍ እያልኩ እፈልጋለሁ። ቦርሳውንስ ምን ላድርገው?

የጎባ ልጅ፦
የቦርሳ ልብስ ነፋስ ይወስደዋል። ሁለት ወፍራም የቆሻሻ ፌስታል ግዢ፣ ልብስሽን ከቦርሳው ውስጥ በእሱ ጠቅልይ። አንዱን ለካልሲ ብቻ ለዪው።