ለጀበና የሚሆን ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ፦ ከድሬዳዋው ታይዋን ገበያ የቱን እንግዛ?

ከዚራ (ጠያቂ)፦
ጥቆማ ፈልጌ ነው። ከሰል ማቀጣጠል በማይቻልበት ጠባብ ክፍል ውስጥ ቡና የሚፈላበት ትንሽ የኤሌክትሪክ ምድጃ። ጀበናው የሸክላ ነው፣ ታቹ ድቡልቡል፣ ሦስት አራተኛ ሊትር ገደማ ይይዛል። በቀን ሦስቴ ይፈላል። ቡናውም እዚያው ላይ ቢቆላ ጥሩ ነው። ታይዋን ገበያ ላይ አራት ዓይነት አለ፦ ሽቦው ፊት ለፊት የሚታየው፣ ወፍራም የብረት ገበታ ያለው፣ ፊቱ መስታወት የሆነው፣ ኢንዳክሽን የሚሉት። ሻጭ እንደሆነ ሁሉንም «ይሄ ነው ምርጡ» ይላል። የቱ ይሻላል?

ሳቢያን፦
አቦ፣ ኢንዳክሽኑን አሁኑኑ ሰርዢው። ኢንዳክሽን የሚያሞቀው ማግኔት የሚይዘውን ብረት ብቻ ነው። ሸክላ ብታስቀምጪበት አንድ ሁለቴ ጮኾ ይጠፋል፤ አሉሚኒየም ሞካም (ምድጃ ላይ የሚጣደው የጣሊያን ቡና ማፍያ) እንደዚያው። «ከላዩ የብረት ሰሌዳ አድርጊበት» የሚሉ አሉ። ያኔ ሰሌዳው ይግላል፣ ምድጃው ከሥር ሙቀቱ ሲበዛበት ራሱን ያጠፋል፣ አንቺም የኢንዳክሽን ዋጋ ከፍለሽ ተራ ምድጃ ገዛሽ ማለት ነው።

ለሌሎቹ ከዋቱ በፊት የጀበናሽን ታች እዪ። ድቡልቡል ታች ያለው ጀበና ጠፍጣፋ ብረት ላይ ሲቀመጥ የሚነካው የሳንቲም ስፋት ያህል ብቻ ነው፤ ሌላው ሁሉ አየር ላይ ነው። ስለዚህ 1500 ዋት የብረት ገበታ ላይ ያለ ድቡልቡል ጀበና ከ1000 ዋት የሽቦ ምድጃ ዘግይቶ ሊፈላ ይችላል። ሽቦ ቀልቶ በጨረር ያሞቃል፣ መነካካት አይፈልግም። ታቹ ጠፍጣፋ ጀበና ካለሽ ወይም ለመግዛት ካሰብሽ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፣ የብረት ገበታው ይበልጣል።

መጋላ (ምድጃ ጠጋኝ)፦
ስለ ሽቦው ምድጃ ልጨምር፣ ምክንያቱም ርካሹም በየጊዜው ለጥገና የሚመጣውም እሱ ነው።

ስትገዢ የተጻፈውን ዋት አትመኚ፣ ቴስተር (ኦም የሚለካ መሣሪያ) ይዘሽ ሂጂ ወይም ሻጩ በራሱ ይለካልሽ። ምድጃው ሳይሰካ በመሰኪያው ሁለት ጥርሶች መካከል ያለው ኦም በ220 ቮልት እንዲህ መሆን አለበት፦ 600 ዋት ከሆነ ወደ 81፣ 1000 ዋት ከሆነ ወደ 48፣ 1500 ዋት ከሆነ ወደ 32፣ 2000 ዋት ከሆነ ወደ 24። ሽቦው ሲግል ኦሙ ትንሽ ከፍ ስለሚል በቀዝቃዛው ከዚህ ጥቂት ቢያንስ አያስደነግጥም። «1000 ዋት» ተብሎ 16 ኦም ካሳየ ግን ዕቃው የ127 ቮልት ነው። ከሳውዲ በሻንጣ የሚመጡ አሮጌ ዕቃዎች ውስጥ እንዲህ ያለ አይጠፋም፤ እዚያ ድሮ ቤት ውስጥ 127 ቮልት ነበር። እኛ 220 ላይ ሲሰካ ሦስት እጥፍ፣ ማለትም ወደ 3000 ዋት ይስባል። ሁለት ደቂቃ እንደ ፀሐይ ያበራል፣ ከዚያ ያልቃል።

ሬዚስታንሱ፣ ማለትም የሚግለው ሽቦ፣ ሲበጠስ ብዙ ሰው ሁለቱን ጫፍ ጠምዝዞ ያያይዛል። መጋጠሚያው ላይ ኮንታክቱ ደካማ ስለሆነ ከሌላው በላይ ይግላል፣ በሳምንቱ እዚያው ይበጠሳል። በየጊዜው ሽቦው ስለሚያጥር ደግሞ የሚስበው ኃይል ይጨምራል፤ አንድ አሥረኛውን ብትቆርጪ 1000 ዋቱ ወደ 1100 ይጠጋል። አዲስ ሬዚስታንስ ግዢ፣ ርካሽ ነገር ነው። ስታስገቢው ሽቦው የሚተኛበትን የሸክላ ቦይ በክር ለኪው፣ ከዚያ ሽቦውን ከክሩ ጥቂት አሳጥረሽ፣ እኩል አድርገሽ ሳቢው። አንዱ ቦታ ላይ ጥቅልሉ ከተጠጋጋ እዚያ ጋ ነጭ ሆኖ ይግልና ከዚያው ይሞታል። ጫፎቹን ከመዳብ ገመድ ጋር በእጅ መጠምዘዝ የለም፤ በብረት ቡሎንና ዋሸር ታስሮ፣ ገመዱ በሸክላ ማያያዣ በኩል ይግባ። በፕላስተር ብትጠቀልዪው ፕላስተሩ ቀልጦ ይሸታል፣ ከዚያ በኋላ ያለውን አልነግርሽም።

ሸዋ በር (ሐረር)፦
የመጋላው ወንድማችን ጥገናውን አሳምሮ ነገረሽ፣ አደጋውን ግን ዘለለው። የሽቦ ምድጃ ላይ ያለው ሽቦ እርቃኑን ኤሌክትሪክ የተሸከመ ነው። ጀበና ደግሞ ይገነፍላል፤ የማይገነፍል ጀበና የለም። ቡናው ሽቦው ላይ ሲፈስ አንደኛ ሽቦው በድንገት ስለሚቀዘቅዝ ይሰባበራል፣ ሁለተኛ እርጥቡ ሸክላ መብራቱን ወደ ብረቱ አካል ያሳልፈዋል። ግራውንድ በሌለበት ቤት የምድጃውን እግር የነካ ሰው ይያዛል። በአሉሚኒየም ማንኪያ ወይም በብረት ጀበና ደግሞ አትሞክሪው።

እኔ የምጠቁመው የብረት ገበታውን ነው፣ 1000 ዋት፣ ቴርሞስታት (ሙቀቱን በራሱ የሚቆጣጠር) ያለው። ለመቁላት የሚተካከለው የለም፤ ሙቀቱ እኩል ስለሚሰራጭ መቶ ግራም ቡና ብረት ምጣድ ላይ ሳይነጣጠብ ይቆላል። ምጣዱን ከመጨመርሽ በፊት ገበታውን አምስት ስድስት ደቂቃ አሙቂው። ለቁጢም (ከቡና ቅጠል ለሚፈላው) እሱ ነው የሚሻለው፣ ቅጠሉ ቀስ ብሎ ረጅም ጊዜ መንተክተክ ስለሚፈልግ፣ ወተት ከገባ ደግሞ ሽቦ ላይ እንዳያርር መጠበቅ ሥራ ነው።

ሁለት ጠባይ አለው። አዲሱን ስትሰኪ ምንም ሳትጥጂ አምስት ደቂቃ ከፍ አድርገሽ ተዪው፣ ፊቱ ላይ ያለው ቅብ ይጨስና ይወጣል፣ መስኮት ክፈቺ። ሁለተኛው፣ ብረቱ ከጠፋ በኋላም ለብዙ ደቂቃ ሙቀቱን ይዞ ይቆያል። ቡናው አንገቱ ላይ ሲደርስ ማጥፊያውን ብትጫኚ ዋጋ የለውም፣ ጀበናውን አንስተሽ ማቶቱ ላይ ማሳረፍ ነው። ሞካ የሚያፈላም ይህን ይያዝ፦ ማጉረምረም እንደጀመረ ከገበታው ካልወረደ የመጨረሻው ቡና ይመራል።

ከዚራ (ጠያቂ)፦
ጀበናው ድቡልቡል ነው ብያለሁ። የብረት ገበታው ላይ እንዴት ይቆማል? ደግሞ ስንት ደቂቃ ነው የሚፈጀው?

ሳቢያን፦
ደቂቃውን እናስላው። ድሬዳዋ ወደ 1200 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ ውሃ በ96 ዲግሪ ገደማ ይፈላል። ሦስት አራተኛ ሊትር ውሃ ከ25 ዲግሪ እዚያ ለማድረስ፣ ምንም ሙቀት ባይባክን፣ 1000 ዋት አራት ደቂቃ እንኳ አይፈጅበትም። ግን ሸክላው ራሱ ይሞቃል፣ ከሙቀቱም ግማሽ ያህሉ ወደ አየር ይሄዳል። ስለዚህ አሥር፣ አሥራ ሁለት ደቂቃ ብለሽ ያዢ። 600 ዋት ከሆነ አሥራ ስምንትና ሃያ። ሐረር ላይ ውሃው በ94 ገደማ ይፈላል፣ ግን የቧንቧው ውሃ ቀዝቀዝ ስለሚል ልዩነቱ ያን ያህል አይደለም።

ማታ መብራቱ ሲደክም ግን ሁሉም ስሌት ይበላሻል። ቮልቱ ከ220 ወደ 180 ሲወርድ 1000 ዋቱ 670 ይሆናል፤ ኃይሉ በቮልቱ ልክ ሳይሆን በቮልቱ ካሬ ነው የሚቀንሰው። ቡናው አሥራ ሰባት ደቂቃ ቢፈጅ ምድጃው ተበላሸ አትበይ።

ሸዋ በር (ሐረር)፦
ለድቡልቡሉ መላ አለው። ዝቅ ያለ የብረት ድስት ወይም ሰፊ ቆርቆሮ ላይ ሁለት ጣት ያህል አሸዋ አድርጊና ጀበናውን ቅበሪው። አሸዋው ታቹን ከብቦ ያሞቀዋል።

መጋላ፦
ከደቻቱ ወንዝ ዝቀሽ እንዳታመጪ ብቻ! አሸዋው ታጥቦ፣ ተነፍቶ፣ ፀሐይ ላይ ሙሉ ለሙሉ መድረቅ አለበት። ጠጠር ውስጥ ያለ እርጥበት ሲግል ይፈነዳል፣ ጀበናም ይሰነጥቃል። ደግሞ የመጀመሪያው ጀበና ይዘገያል፣ አሸዋውም እንዲግል ነውና። በቀን ሦስት ጊዜ ተለያይቶ ለሚፈላ ቡና በየጊዜው አሸዋ ማሞቅ ኪሳራ ነው። ቀኑን ሙሉ ለሚፈላበት ቦታ እንጂ ለእሷ አይሆንም።

ለገሃሬ (ኤሌክትሪሺያን)፦
አምስተኛ ዓይነት ረሳችሁ። ሽቦው በጥቅልል የብረት ቱቦ ውስጥ የተቀበረው፣ እንደ ተጠመጠመ እባብ የሚመስለው። ውስጡ ሽቦው በነጭ ዱቄት ተሸፍኖ ከቱቦው ተለይቷል፣ ስለዚህ ቡና ቢፈስበት አይይዝም፣ ሽቦውም አይሰበርም። እንደ ሽቦ ቀልቶ በጨረር ያሞቃል፣ እንደ ብረት ገበታ ሙቀት አያከማችም። ለድቡልቡል ጀበና የምመርጠው እሱን ነው፣ ባለ 1000 ዋት፣ ጥቅልሉ የጀበናሽ ሆድ ያህል የሚሰፋ። ከሥሩ የፈሰሰውን የሚቀበል ሳህን የሚወጣ መሆኑን እዪ፤ ካልወጣ ቡናው እየነደደ ይሸታል። ትንሽ ሞካ ቱቦው ላይ ይወላገዳል፣ ቀጭን የብረት ሰሌዳ ከሥሩ ይፈልጋል።

መስታወቱን ያልነካችሁት ለምን እንደሆነ ገባኝ። በጨረር ስለሚሠራ ሸክላ ያሞቃል፣ ችግር የለውም። ግን ከባድ ጀበና በችኮላ አንድ ቀን ይወርድበታል፣ ሸካራው ታችም ይቧጥጠዋል። ከሥሩ ያለው ማራገቢያ ደግሞ የድሬን አቧራ ሁሉ ይስባል፤ ሲደፈን ምድጃው መሃል ላይ ይጠፋል።

አሁን ወደ ሶኬቱ፣ ሰው የማያስበው እሱን ነው። 1000 ዋት ወደ 4.5 አምፔር ይስባል፣ 2000 ዋት ደግሞ 9። ገመዱ ላይ የተጻፈውን አንብቢ፦ 0.75 (የሽቦው ውፍረት በስኩዌር ሚሊሜትር) የሚል ገመድ እስከ 6 አምፔር ይበቃል፣ ለ2000 ዋት ግን ቢያንስ 1፣ ቢቻል 1.5 መሆን አለበት። ከዱባይ የሚመጣው ባለ ሦስት ጠፍጣፋ ጥርስ መሰኪያ ነው፤ በርካሽ አዳፕተር ከመሰካት ቆርጦ የእኛን ባለ 16 አምፔር ከነግራውንዱ ማስገባት ይሻላል። አዳፕተሩ ላላ ስለሚል ይግላል፣ ይጠቁራል፣ ይቀልጣል። ስልክ የሚቻርጁበት ቀጭን ማከፋፈያ ላይ ደግሞ በጭራሽ። ፈተናው ቀላል ነው፦ አሥር ደቂቃ ከሠራ በኋላ ንቀይውና የመሰኪያውን ፕላስቲክ ንኪው፤ ለብ ካለ ደህና ነው፣ እጅ የማያስቀምጥ ከሆነ ሶኬቱ ላልቷል፣ አስቀይሪው።

ከዚራ (ጠያቂ)፦
ቆጣሪውስ?

ለገሃሬ፦
1000 ዋት ግማሽ ሰዓት ቢሠራ ግማሽ ኪሎዋት ሰዓት ነው። በቀን ሦስቴ፣ በወር 45 ኪሎዋት ሰዓት። ለቤት በተመዘገበ ቆጣሪ የመጀመሪያው እርከን እስከ 50 ነው፣ ስለዚህ ቡናሽ ብቻውን እርከኑን ሊሞላው ምንም አይቀረውም፣ ፍሪጁና ቬንትሌተሩ ሲጨመሩ ፍጆታሽ ወደ ውዱ እርከን ይገባል። ውሃውን በኤሌክትሪክ ማፍያ አፍልተሽ ወደ ጀበናው ብትገለብጪ ይቀንሳል፣ ማፍያው ሙቀት ብዙም አያባክንም። በሶላር ባትሪና በትንሽ ኢንቨርተር ይሠራ ይሆን የሚል ካለ፣ 300 ዋት ኢንቨርተር ገና ሲሰካ ነው የሚጮኸው። መብራት ሲጠፋ ያው ከሰል ነው።

ሳቢያን፦
ማፍያውን ካነሳህ አይቀር፣ የድሬ ውሃ ኖራማ ነው። ማፍያውም ሞካውም ውስጡ ነጭ ይጋግራል፣ ከዚያ ሙቀት አያሳልፍም። በየሁለት ሳምንቱ የሁለት ሎሚ ጭማቂ በውሃ አፍልተሽ ግማሽ ሰዓት ተዪው። ጀበናው ላይ ግን ሎሚ አታድርጊ፣ ሸክላው ሽታውን ይይዛል።

ሸዋ በር (ሐረር)፦
ቱቦውን እቀበላለሁ፣ ለመቁላቱ ብቻ ቀጭን ምጣድ እንዳታደርጊበት፤ የቱቦው ክብ እንዳለ ምጣዱ ላይ ይታተምና ቡናው በክብ በክብ ያርራል። ወፍራም ብረት ምጣድ፣ እጅሽም አይረፍ።

አንድ ነገር ግን ማንም አላነሳም። ከሰል ላይ የኖረ ጀበና ኤሌክትሪክ ላይ ሲወጣ ይሰነጠቃል የሚባለው ምድጃው ከፍቶ አይደለም። ከሰል ቀስ ብሎ ነው የሚጀምረው፣ ቱቦው ግን በደቂቃ ውስጥ ይቀላል። ጀበናው አዲስ ከሆነ በደንብ ይሟሽ። ውጭው እርጥብ ሆኖ አይጣድ። ማስተካከያውን የመጀመሪያዎቹን ሦስት ደቂቃ መሃል ላይ አድርጊው፣ ከዚያ ከፍ። ለቶና ውሃ ስትጨምሪ ደግሞ ከቧንቧ ሳይሆን ከማፍያው፤ አቦሉ ተቀድቶ ባዶውን የጋለው ሸክላ ቀዝቃዛ ውሃ ሲነካው ነው «ቋ» የሚለው።