ልጄ መብራት ለማጥፋትም «ስንት ትሰጪኛለሽ?» ይለኛል፤ ሳሉም አልለቀቀው

የሁለት ልጆች እናት (ቀበሌ 14) – ኅዳር 13

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ባሕር ዳር ላላችሁ ወላጆች ነው የምጽፈው፤ ሌላም የገባው ሰው ቢመልስልኝ ደስ ይለኛል።

ትናንት ኅዳር 12 ከተማው በሙሉ ሲታጠን ዋለ። ከበራችን ፊት ለፊት ያለው ጎረቤታችን ዓመት ሙሉ ያጠራቀመውን አውጥቶ ለኮሰው። የበቆሎ አገዳ አለበት፣ የጫት ገራባ አለበት፣ ፌስታል፣ የተቀደደ የፕላስቲክ ጫማ። ማታ ብርዱ ሲወርድ ጭሱ ወደ ላይ መሄዱን ትቶ ግቢያችን ውስጥ ተኛ። የ7 ዓመቱ ልጄ ሌሊቱን ሲያስል አደረ። የትናንት ብቻ ቢሆን አልጽፍም ነበር፤ ከጥቅምት ጀምሮ እንዲህ ነው። አንድ ክሊኒክ ሦስት ጊዜ ወስጄው ሦስቱንም ጊዜ ሽሮፕ ይዤ ተመለስኩ። ደረቱን እንኳ ያዳመጠው የለም።

ሌላው ጭንቀቴ ደግሞ ይኸውላችሁ። ክረምት ላይ ልጆቹ አካባቢያቸውን መጠበቅ ይልመዱ ብዬ ብር ቆረጥኩላቸው። ባዶ ሃይላንድ ለቅሞ ላመጣ 2 ብር፣ መብራት ላጠፋ 1 ብር፣ ባጃጅ ሳይል በእግሩ ትምህርት ቤት ለሄደ 5 ብር። አንድ ወር ያህል ደስ አለኝ። ከዚያ ትልቁ ማንም በሌለበት ክፍል ገብቶ መብራት እያበራ ማጥፋት ጀመረ። ቀጥሎ ጎረቤታችን እትዬ እያለቀሱ መጡ፤ ከጊዮርጊስ ያመጡትን ጠበል ደፍቶ ሃይላንዱን ወስዶባቸዋል። ያን ቀን መሬት ብትውጠኝ በወደድኩ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ «ለአባትህ ውሃ ስጠው» ብለው «ስንት ትሰጪኛለሽ?» አለኝ።

ብሩን ላቁም? ካቆምኩ የያዘውንም ይተዋል ብዬ ፈራሁ። ጭሱንስ ምን ላድርገው?

ነርስ ነኝ – ኅዳር 13

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይማርልሽ። ስለ ብሩ ሌሎች ይመልሱልሽ፤ እኔ ስለ ሳሉ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። እንጀራ የምትጋግሪው በምንድን ነው? ስትጋግሪስ ልጁ የት ነው የሚቀመጠው?

የምጠይቅሽ ላሳቅቅሽ አይደለም። ሳል ይዘው የሚመጡ እናቶች ሁሉ የመንገዱን አቧራና የጎረቤትን እሳት ይነግሩኛል፤ የራሳቸውን ማድ ቤት የሚነግረኝ የለም። አዋቂ ሰው በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ የአንቺ ልጅ ዕድሜ ላይ ያለ ቁጭ ብሎም 25 ሊደርስ ይችላል። ሳንባው ትንሽ ነው፤ ገና እያደገም ነው። ከጭሱ የሚጎዳው የምናየው ጥቁሩ ብቻ አይደለም፤ ከፀጉር ውፍረት 30 ጊዜ ገደማ የሚያንስ ብናኝ አለ፣ እሱ እስከ ሳንባው ጥግ ይዘልቃል።

የሁለት ልጆች እናት – ኅዳር 14

እህቴ፣ ጥያቄሽ እንቅልፍ ነሳኝ።

የምጋግረው በማገዶ ነው። የኤሌክትሪክ ምጣድ አለኝ፤ ሽቦው ከተቃጠለ ስድስት ወር አለፈው፣ ላሠራው ባልኩ ቁጥር ሌላ ወጪ ይቀድመኛል። ማድ ቤታችን ከቆርቆሮ የተሠራች ጠባብ ክፍል ናት፤ መስኮት የላትም። ልጁ የቤት ሥራውን የሚሠራው እዚያው ዱካ ላይ ቁጭ ብሎ ነው፤ ይሞቀዋል፣ እኔም ዓይኔ ሥር እንዲሆን እፈልጋለሁ። እሳቱ ሲደክም የባሕር ዛፍ ቅጠል የሚያቀብለኝ እሱ ነው። ዛሬ ጠዋት ጣቴን ጣሪያው ላይ ሳሳርፍ ጥቀርሻው እንደ ቅባት ተያዘልኝ። ደብተሩን አንስቼ አሸተትኩት፤ ጭስ ጭስ ይላል።

ከዚህ የባሰውን ልንገራችሁ። ቡና ላፈላ ከሰል የማያይዘው በፌስታል ነው። እናቴም እንደዚያው ነበር የምታደርገው፤ አንድ ቀን አስቤበት አላውቅም። ልጄን ሃይላንድ ልቀም እያልኩ እከፍለዋለሁ፣ እኔ ደግሞ ፊቱ ላይ ፕላስቲክ አነዳለሁ።

ነርስ ነኝ – ኅዳር 14

አይዞሽ። ከዛሬ ጀምሮ ፌስታሉን ተዪው፤ በደረቅ ጭራሮ ወይም በወረቀት አያይዢው። ከሰሉን ደጅ አቀጣጥለሽ ጭሱ ሲያልቅ አስገቢ። ሲገባም በር ክፍት ይሁን፤ ጭሱ የጠፋ ከሰልም የማይታይና የማይሸት መርዝ ይተፋል። ልጁን ከማድ ቤት አውጪው። በማገዶ መጋገርሽ ካልቀረ እንጨቱ በደንብ የደረቀ ይሁን፤ ከሲሚንቶ የሚሠራውንም ምርጥ ምድጃ ግዢ፣ ማገዶውን በግማሽ ገደማ ይቀንስልሻል። ከቆርቆሮው ላይ መስኮት ይቆረጥ።

ከዚያ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው። «ከጥቅምት ጀምሮ ያስላል፣ ሌሊት ይብስበታል» ብለሽ በግልጽ ተናገሪ፤ ደረቱ እንዲደመጥ ጠይቂ፤ አስም ሊሆን ይችላል። ትንፋሹ ከፈጠነ፣ የጎድን አጥንቱ ሥር ወደ ውስጥ ከገባ ወይም ውሃ መጠጣት ካቃተው ግን ሌሊትም ቢሆን እንዳታድሪ።

ጡረተኛ መምህር – ኅዳር 14

ልጄ፣ ራስሽን አትውቀሺ። የኅዳር 12ን ነገር ላንሳ። መታጠኑ የመጣው በ1911 ዓ.ም. የኅዳር በሽታ ሕዝቡን ሲፈጅ ነው፤ ጥራጊውን አቃጥሉ፣ አየሩ ይጽዳ ተባለ። የዚያን ዘመን ጥራጊ ገለባና ቅጠል ነበር። ዛሬ በዚያው ቀን የምናነደው ፌስታልና ጎማ ነው። ልማዱን አልነቅፍም፤ እሳቱ ውስጥ የሚገባው ግን ተለውጧል። ገራባውንማ ለምን ታቃጥሉታላችሁ? ጉድጓድ ቆፍራችሁ ከአፈርና ከአመድ ጋር ብትቀብሩት ፍግ ይሆናል።

ወደ ብሩ ስመለስ፣ አንቺን የገጠመሽ እኔንም ገጥሞኛል። ሐይቁ ዳር ባለ ትምህርት ቤት ሳስተምር ብዙ ቆሻሻ ለሰበሰበ ተማሪ ደብተር እሸልም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ልጆቹ የቤታቸውን ጥራጊ በጆንያ ሞልተው ይዘው መጡ። ዳርቻው እንዳለ ነበር፤ የሞላው የትምህርት ቤቱ ጓሮ ነው። በፈረንጆች 1973 የታተመ አንድ ጥናት አለ። በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት ሥዕል የሚወዱ ልጆችን ለሦስት ከፈሏቸው። «ከሳላችሁ ትሸለማላችሁ» የተባሉት ቆይተው በነፃ ጊዜያቸው መሳሉን ቀነሱት። ምንም ያልተሰጣቸውና ሳይነገራቸው ድንገት የተሸለሙት ግን አልቀነሱም። ስለዚህ ልጄ፣ ዋጋውን አስቀድመሽ አትንገሪው። ሠርቶ ስታገኚው «አየሁህ» በዪው። አንዳንዴ ሳያስበው ብርቱካን ግዢለት።

ብስክሌተኛው አባት (ሽምብጥ) – ኅዳር 15

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው፤ ግን ብር ሁሉ ክፉ አይደለም ባይ ነኝ። ሃይላንድ ለቅሞ ለቆራሌው መሸጥ ሥራ ነው፤ ይክፈሉት፣ ነገር ግን ከፋዩ ቆራሌው ይሁን እንጂ እናቱ አትሁን። ያኔ ባዶውና ጠበል ያለበት ይለይለታል፤ የሰው ዕቃ ቢነካም በቆራሌው ፊት ነው የሚያፍረው። መብራት ማጥፋትና ለአባት ውሃ መስጠት ግን የቤት ልጅነት ነው፤ ዋጋ አይወጣለትም።

እኔ ለልጄ የምሰጣት ሽልማት ራሱ መንዳቱ ነው። ሳምንቱን በብስክሌት ከተመላለሰች ቅዳሜ ጠዋት ረዥም መንገድ እወስዳታለሁ። በ2016 የተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ የብስክሌት መስመር አለው፤ እዚያ ቆመን ውሃውን እናያለን። ማልደን ከወጣን ወደ ሐይቁ መውጫ በኩል ጉማሬ የምናይበት ቀን አለ። ባሕር ዳርን ባሕር ዳር ያደረጋት ዘንባባውና ብስክሌቱ አልነበረም እንዴ? እኔ ልጅ ሳለሁ አባቶቻችን ሥራ የሚሄዱት በብስክሌት ነበር። ይህ ከልጆቻችን እጅ ሲወጣ ማየት ያመኛል።

የባጃጅ ሾፌር – ኅዳር 15

እኔም አባት ነኝ። ትምህርት ቤት በር ላይ ሞተር ሳናጠፋ ልጆች የምንጠብቅ ብዙ ነን፤ ጭሱ የሚወጣው በልጆቹ አፍንጫ ልክ ነው። ከዛሬ ጀምሮ እኔ አጠፋለሁ፤ ለጓደኞቼም እነግራለሁ። ወላጆችም ስትሳፈሩ «አጥፋው» በሉን፤ አንቀየምም።

የሁለት ልጆች እናት – ኅዳር 24

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ያክብርልኝ።

ምጣዱ ተሠራ። መብራት የሚጠፋ ቀን አለ፤ ለዚያ ቀን ምርጥ ምድጃ ገዝተናል፣ አባቱም ቆርቆሮውን ቆርጦ መስኮት አወጣ። ልጁ አሁን የሚያጠናው በረንዳ ላይ ነው። የመጀመሪያ ሰሞን ብቻውን መሆኑ ከብዶት በር በሩን ያይ ነበር፤ አሁን ታናሽ እህቱ አብራው ትቀመጣለች። ሐኪሙ ደረቱን አዳምጦ የአስም ምልክት አለው አለን፤ የሚነፋ መድኃኒት ተሰጥቶታል። ሳሉ አልጠፋም፣ ግን ካለፈው ሳምንት ሁለት ሌሊት ሳይነቃ አደረ።

ብሩን አቆምኩ። ስነግረው አለቀሰ፤ «ዋሸሽኝ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ቃል ገብቼለት ነበር፤ ስለዚህ የቀረበትን ሒሳብ ሁሉ ከፍዬ ይቅርታ ጠየቅሁት። በነጋታው በባጃጅ እሄዳለሁ አለ። በሁለተኛው ቀን የጎረቤቱ ልጅ በእግሩ ሲሄድ አይቶ ተከተለው። እሑድ ደግሞ ከእትዬ ጋር ጊዮርጊስ ሄዶ የጠበሉን ጀሪካን ተሸክሞላቸው መጣ፤ ዳቦ ቆርሰው ሰጡት።

ከጎረቤታችንም ጋር ተነጋገርን። ገራባውን ለመቅበር ተስማምቷል፤ ጉድጓዱ በሁለታችን አጥር መካከል ተቆፍሯል። ፌስታሉና የፕላስቲክ ጫማው ግን አይቀበርም፣ አይቃጠልም። በቀበሌ 14 በኩል ቆሻሻ የሚሰበስበው መኪና የትኛው ቀን እንደሚያልፍ የሚያውቅ አለ?